አንበሳ ያለባቸው ማንኪያዎች

አዘዘ ደብዳቤውን ደህና አድርጎ ሲያነብ ቆይቶ «አንበሳዋ ከሌለች» የሚለው ላይ ሲደርስ ድምፁ ጠፋ። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ወለወለና መልሶ አደረገው። ከዚያ ወረቀቱን በአራት አጥፎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ «ሥራ ረፈደብኝ» ብሎም ኮፍያውን አንሥቶ ወጣ። ገና አንድ ሰዓት ተኩል ነበር። ማዘጋጃ ቤት የሚገባው ሁለት ሰዓት ነው፤ መንገዱ ደግሞ ለሚያነክስ ሰው እንኳ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። የብርጓል በሩን እያየች ብቻዋን ቀረች። አዘዘ ታናሽ ወንድሟ ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ በዚህች ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት አብረው ይኖራሉ፤ ወጡን የምትሠራለትም ሸሚዙን የምታጥብለትም እሷ ናት። እንዲያም ሆኖ በቀን የሚነጋገሩት ቃል ቢቆጠር ከአሥር አይበልጥም። «ደህና አደርሽ» አለ፣ «ቅረብ» አለ፣ «መብራቱን አጥፊው» አለ፤ በቃ። ይህ ዝምታ ሰባት ዓመት ሆኖታል። ምክንያቱ ምን እንደሆነ ሁለቱም አሳምረው ያውቁታል፤ አንሥተውት ግን አያውቁም። ዛሬ ደብዳቤው አነሣባቸው።

ደብዳቤውን ትናንት ማታ ያመጣው ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር የገባው አውቶቡስ ረዳት ነው። ቃሉ የቀድሞ እመቤቷ የወይዘሮ ሸዋዬ ነው፤ ጽሕፈቱ ግን የልጃቸው፣ የሺመቤት የምትባለው። የብርጓል ፊደል አልቆጠረችም፤ አዘዘ ያነበበላትን ያህል ግን በአንድ ጊዜ በቃሏ ይዛዋለች። እሜቴ ታመዋል፤ መድኃኒቱ ውድ ነው። «ያ የሰጠሁሽ አደራ የሚፈለግበት ቀን መጣ» ይላሉ። የጥንት የእንግሊዝ አገር የብር ዕቃ የሚሰበስብ፣ ሊበላበት ሳይሆን በመስተዋት ሣጥን ደርድሮ ሊያየው የሚገዛ አንድ ፈረንጅ ተገኝቷል። ዛሬ ማክሰኞ ከየሺመቤት ጋር በአውሮፕላን ይመጣል፤ የብርጓልም በዘጠኝ ሰዓት ማንኪያዎቹን ይዛ ሐይቁ ዳር ካለው ሆቴል ትምጣ። «ሰውየው ከፊታቸው ይልቅ ጀርባቸውን ነው አሉ የሚያይ፤ አንበሳዋ ከሌለች…» እዚህ ላይ ነው እንግዲህ አዘዘ ሥራ የረፈደበት።

አንበሳዋ የለችማ! የብርጓል በእሜቴ ባል በደጃዝማቹ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት የገበታ ሠራተኛ ነበረች። ደጃዝማቹ ከለንደን ያመጧቸው አሥራ ሁለት የብር የሾርባ ማንኪያዎች ከእሷ በቀር ሌላ ሰው አይነካቸውም ነበር። ትልልቅ እንግዳ ሲመጣ ታወጣቸዋለች፤ እንግዳው ሲሄድ ለብ ባለ ውሃና በተነፋ አመድ አጥባ፣ ባረጀ ነጠላ አድርቃ፣ አሥራ ሁለት መሆናቸውን አይታ ወደ ሣጥናቸው ትመልሳቸዋለች። ደጃዝማቹ ተወስደው ቤቱ ሲወረስ እሜቴ ሣጥኑን ትተው ማንኪያዎቹን ብቻ በነጠላ ጠቅልለው ሰጧትና «እስክጠይቅሽ» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ነውና እሷም ሌላ ቃል አልጠበቀች። በሁለት ዓመቱ የቤት ለቤት ፍተሻ መጣ። በዚያ ሰሞን አዘዘ ማዘጋጃ ቤት ቁጭ ብሎ ካረጀው ወረቀት ራስጌ ላይ ዘውድ የደፋውን የንጉሡን አንበሳ በምላጭ ሲፍቅ ወር ሙሉ ከርሞ ነበር። አንበሳ ሲያይ እጁ ምላጭ ይፈልጋል። አንዷን ማንኪያ ገልብጦ ቢያይ ጀርባዋ ላይ ከምስር ፍሬ ያነሱ ምልክቶች ተርታቸውን ተመትተዋል፤ አንዲት የምትራመድ አንበሳ፣ አጠገቧ ዘውድ የደፋ ራስ፣ አንዲት የፈረንጅ ፊደል፣ ከሷም ቀጥሎ በጎን የሚታይ የንጉሥ ፊት። አዘዘ ላብ አጠመቀው። «አንበሳ፣ ዘውድ፣ የንጉሥ ራስ! ከዚህ በላይ ምን ቀረ እታለም? የቤተ መንግሥት ንብረት ደብቃችሁ ተብለን ልናልቅ ነው!» የብርጓል «አንበሳው እኮ ዘውድ አልደፋም» ብትል «ከጎኑ አስቀምጦታላ!» አላት። ወይ ሐይቅ ውስጥ ትጣላቸው፣ ወይ ምልክቱን ታስፍቀው። ከመጣል ማስፋቅ ይሻላል አለችና ሁለቱ አብረው ብር አንጣሪው ቢያዝን ዘንድ ወሰዷቸው። በማግሥቱ ስትቀበል ከላይ ያለችውን አንዷን ገልብጣ አየች፤ ጀርባዋ ልሙጥ ሆኗል። የቀሩትን ለማየት አንጀቷ አልቻለም። እንደተጠቀለሉ ጤፍ ጎታው ውስጥ ቀበረቻቸውና አለቀሰች። ፈታሾቹ ሲመጡ አንድ ሬዲዮና ሁለት መጽሐፍ አገላብጠው ሄዱ። ጎታውን የነካው የለም።

እና ዛሬ ጠዋት እጇን እስከ ክርኗ ጎታው ውስጥ አስገብታ ጥቅሉን ጎትታ አወጣችና አልጋዋ ላይ ተቀመጠች። ብሩ ጠቁሯል፤ ክብደቱ ግን ያው ነው። ብዙ አላሰበችም፤ ያሰበችው አንድ ነገር ብቻ ነው። እሜቴ ታመው ተኝተዋል፤ ልጃቸው ፈረንጅ አስከትላ እየመጣች ነው፤ ሰውየው ጀርባውን ገልብጦ አንበሳ ሲያጣ ምን ይላል? ብር አይደለም ይላል። ለውጣዋለች ይላል። ሃያ ሁለት ዓመት አንዲት ማንኪያ ያልጎደለባት የብርጓል በመጨረሻ ቀኗ አደራ በላ ልትባል ነው። ሌባ ቢሏት ይሻላት ነበር። ሌባ ቢራብ ነው ይባላል፤ አደራ በላ ግን ምን ሆነ ይባላል? ተነሥታ ፊቷን ታጠበች፤ ነጠላዋን አጣፋች። ያጠፋ እጅ ይመልሳል ስትል አሰበች። አንበሳውን የፋቀው ቢያዝን መልሶ ይቅረጸው። ለአንድ ለተካነ አንጥረኛ ምስር የሚያህሉ አሥራ ሁለት አንበሶች ምን አላቸው? የሚያስቅ ሐሳብ ነው፤ ግን በዚያ ጠዋት ከዚህ የተሻለ ሐሳብ አልነበራትም።

ከቤቷ እስከ ገበያው ድረስ የሄደችው ማንኪያዎቹን በጡቷና በመቀነቷ መካከል ሸጉጣ ነው። ዘንባባዎቹ ሥር የኅብረት ሱቁ ሰልፍ እስከ አስፋልቱ ደርሷል፤ ስኳር ገብቷል ማለት ነው። ጎረቤቷ ከሰልፉ መካከል «የብርጓል! ኩፖንሽን አምጪ እንጂ፣ ወረፋ ይዤልሻለሁ!» ብላ ጮኸች። «ዛሬስ ስኳሩ ይቅርብኝ» ብላ አለፈች። ስኳር ይቅርብኝ የሚል ሰው በዚያ ዘመን ጤነኛ አይባልምና ሴቶቹ ዞረው አዩዋት። ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የወጡ የሌሊት ሠራተኞች ጥጥ ፀጉራቸው ላይ እንደተጣበቀ ዳቦ እየገመጡ ይመጣሉ። ከጊዮርጊስ በኩል ሐይቁ ብልጭ ይላል። ደስ የሚል ጠዋት ነበር፤ የብርጓል ግን ከላቧ በቀር ምንም አልታወቃት።

አያ ቢያዝን ዛሬ ብር አይሠሩም። ከየት አምጥተው? እደ ጥበበኞቹ ማኅበር ተቋቁሞላቸው በአንድ የቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ ከባዶ የዘይት ጣሳ ኩራዝና ማንቆርቆሪያ ይቀጠቅጣሉ። ጫጫታው ጆሮ ያደነቁራል። ሽማግሌው ጥግ ላይ፣ ፍም ካለበት ትንሽ ምድጃ አጠገብ ተቀምጠው የኩራዝ አፍ ያስተካክላሉ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። የብርጓል ያንን ስታይ ተስፋዋ እዚያው ቆርቆሮው ላይ ወደቀ።

«እንደምን አደሩ አያ ቢያዝን? የብርጓል ነኝ። የማንኪያዎቹ።»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋትና «ቆየሽ» አሉ፤ ደስ ያላቸው አይመስልም። እሷ ግን ወሬ ለማስፋት ጊዜ አልነበራትም። አጠገባቸው ቁጢጥ ብላ ነገሩን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አወረደችው፤ የእሜቴን ሕመም፣ ፈረንጁን፣ ዘጠኝ ሰዓትን። «እና ያኔ የፋቁልኝን አንበሳ መልሰው ይቅረጹልኝ። ያሻዎትን ያህል ይጠይቁኝ፤ ተበድሬም ቢሆን አመጣለሁ።» አያ ቢያዝን አፋቸውን ከፍተው አይተዋት ሲያበቁ ሳል እስኪያንቃቸው ድረስ ሳቁ። «አሥራ ሁለት አንበሳ? በነዚህ እጆች? እኔ አሁን ብቀርጽ ድመት ነው የሚወጣልሽ!» የብርጓል ግን አልሳቀችም። እንባዋ ዱብ ዱብ ሲል ሽማግሌው ሳቃቸውን ዋጡና «አምጪ እስቲ» አሉ። ማንኪያዎቹን እየገለበጡ ጀርባቸውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። አንዷን ለብቻዋ አስቀመጧት። ከዚያ ምንም ሳይናገሩ በጣሳ ውሃ ቀድተው ፍሙ ላይ ጣዱ።

ውሃው እስኪፈላ ያለው ጊዜ ለየብርጓል እንደ ሁዳዴ ረዘመ። ሲፈላ አያ ቢያዝን አንዷን ማንኪያ በጉጠት ይዘው አስገቧት። ትንሽ ቆይቶ ውሃው ላይ እንደ ወጥ ቅባት ያለ ነገር ተንሳፈፈ። ማንኪያዋን አወጡና በጋቢያቸው ጫፍ ሁለት ጊዜ አሽተው ጀርባዋን አሳዩዋት። አንበሳዋ አንድ እግሯን አንሥታ ትራመዳለች። ዘውድ የደፋው ራስ አለ። ፊደሉ አለ፤ ንጉሡም አሉ።

«በስመ አብ!» አለች የብርጓል።

«ሰም ነው» አሉ ሽማግሌው፤ ሁለተኛዋን እያስገቡ። «የብር ፍቅፋቂ ለውሼ ሞላሁበት። የመጀመሪያዋንስ ወንድምሽ ራሴ ላይ ቆሞ ስለነበር በሞረድ ፋቅኋት። እሱ ስብሰባ አለብኝ ብሎ ሲሄድ ሁለተኛዋን አነሣሁ፤ እጄ እምቢ አለኝ። ይህ ምልክት እኮ የአንጥረኛ ቃል ነው፤ ብሩ ብር ነው፣ አላጭበረበርሁም ብሎ የማለበት። ሰውየውን አላውቀውም፣ አገሩንም አላውቅ። ግን የሰው መሐላ በሞረድ አይፋቅም።»

«ታዲያ ሰባት ዓመት ሙሉ ምነው ሳይነግሩኝ?» አለች። ደስታና ንዴት ተደባልቀውባት ድምፏ ከፍ ብሎ ነበር።

«ብትያዢ አላውቅም ብለሽ በእውነት እንድትምይ ብዬ ነው ያኔ። ነገሩ ሲበርድ ልነግርሽ እጠብቅ ነበር፤ አንቺ ግን እኔን ስታዪ መንገድ ትቀይሪያለሽ። እንደ ሰው ሁሉ ቡዳ ነው ብለሽ የሸሸሽኝ መሰለኝ። ተቀየምሁሽ፤ እውነቴን ነው።»

የብርጓል መንገድ ትቀይር የነበረው ያስፋቀችው ነገር እንዳይታወሳት ነው፤ ይህ እውነት ነው። ግን ሌላም እውነት አለ። በደጃዝማቹ ቤት ሳለች አያ ቢያዝን ዕቃ ሊጠግኑ ሲመጡ እንጀራቸውን ለብቻ፣ በተለየች አሮጌ ሰፌድ፣ ከደጅ ታቀርብላቸው የነበረችው እሷው ናት። ሰፌዷ ምን እንደምትመስል እንኳ ትዝ አላት፤ ጠርዟ የተተለተለ ነበር። ፊቷ ጋለ። ቀና ስትል ሽማግሌው ከእንስራቸው በጣሳ ውሃ ቀድተው፣ ግማሹን ራሳቸው ጠጥተው አፋቸውን እየጠረጉ ነው። «ውሃ ጠምቶኛል አያ ቢያዝን» አለች። ጣሳውን አዩት፤ እሷን አዩዋት፤ ሰጧት። ያንኑ ጣሳ እስከ ጠብታው ጨለጠችው። «ይቅር ይበሉኝ» ስትላቸው «ሙቀት ነው፤ ውሃ ያስጠማል» አሉና ማንኪያቸውን ማሸት ቀጠሉ፤ ግን ፊታቸው ፈታ ብሎ ነበር። እኩለ ቀን ሲሆን አሥራ አንድ አንበሳ በተርታ ተኝቷል። ብዙ ብትለምናቸው እንኳ ሳንቲም አልተቀበሉም። አሥራ ሁለተኛዋ ማንኪያ ግን ጀርባዋ እንደ መላጣ ራስ ነው፤ እሷን የሚመልሳት የለም። የብርጓል ደስታዋ ሳይጠግብ ጭንቀቷ በዚች በአንዷ በኩል ተመልሶ ገባ። ከአሥራ ሁለት አንድ የጎደለበት አደራ ያው የጎደለ አደራ ነው።

ሆቴሉ በር ላይ ዘበኛው ጥቅሏን አይቶ ወዴት እንደምትሄድ፣ ማን እንደጠራት፣ ከየት ቀበሌ እንደሆነች ጠየቃት። እሷ መልሳ ሳትጨርስ ከሐይቁ በኩል ካለው በረንዳ አንዲት ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ የቢሮ ጉርድ ቀሚስ የለበሰች ሴት ሮጣ መጣች። የሺመቤት ናት። የብርጓል ጀርባዋ ላይ አዝላ ያሳደገቻት፣ ትኩስ ወተት አልጠጣም ስትል ያባበለቻት ልጅ አሁን አዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት የጽሕፈት መኪና ትመታለች። ጉንጭና ጉንጯን ሳመቻትና «እንደምን ነዎት እትዬ የብርጓል?» አለቻት። እርስዎ! በደጉ ዘመን አንቺ ስትላት የኖረች ልጅ። አክብሮት መሆኑ ይገባታል፤ ጊዜው ሰውን ሁሉ እኩል አድርጓል ተብሏል። ግን እንደማታውቃት ሰው ስላናገረቻት ቅር አላት፤ ጠርጥራኛለች ማለት ነው አለች በልቧ።

ፈረንጁ አፍንጫው በፀሐይ የተላጠ፣ ረጋ ያለ ሽማግሌ ነው። ነጭ ፎጣ ጠረጴዛው ላይ አንጥፎ ጠበቃት። የብርጓል አሥራ አንዱን አንድ በአንድ ደረደረችለት፤ አሥራ ሁለተኛዋ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ተቋጥራለች። ሰውየው ዓይኑ ላይ አጉሊ መነጽር ሰክቶ አንዷን ገለበጠና ትንፋሹን ያዘ። ሕፃን ልጅ እንደሚታቀፍ በሁለት እጁ ነበር የያዛት። በራሱ ቋንቋ ሲናገር የሺመቤት ተረጎመች። አንበሳዋ ብሩ ንጹሕ ነው ማለት ናት። ዘውድ የደፋው የነብር ራስ ነው፤ ለንደን ተፈተነ ማለት ነው። ፊደሏ ዓመቱን ትናገራለች፤ እነዚህ ከመቶ ስድሳ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። «ንጉሡስ?» አለች የብርጓል፤ ለመጠየቅ አልፈለገችም ነበር፤ አመለጣት። የሺመቤት ጠይቃ መለሰች፤ «ቀረጥ ተከፍሎበታል ማለት ነው አለ።»

ቀረጥ! ማዘጋጃ ቤት ተቀምጦ ዕድሜውን ሙሉ የቀረጥ ማኅተም ሲመታ የኖረው አዘዘ፣ ያን ያህል ያላበው የቀረጥ ማኅተም ፈርቶ ነው? የብርጓል ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ሰውየው ማንኪያዎቹን አይቶ ጨረሰና ለየሺመቤት አንድ ነገር ተናግሮ ራሱን በእርካታ ነቀነቀ። የሺመቤትም ዞራ የብርጓልን አየቻት። አሁን አሥራ ሁለተኛዋን ልትጠይቀኝ ነው ስትል አሰበች የብርጓል። ከመጠየቅ መናገር ይሻላል። ቋጠሮዋን ፈታ መላጣዋን ማንኪያ ፎጣው ላይ አስቀመጠችና፣ ፍተሻውን፣ የአዘዘን ምላጭ፣ ሞረዱን፣ ሰሙን፣ ምንም ሳትደብቅ ተናገረች። «ጥፋቱ የእኔ ነው። አደራሽን አጉድያለሁ የሺ። የፈለግሽውን ፍረጅብኝ» አለች።

ለንደን የተሠራች አንበሳ ባሕር ዳር ላይ በንጉሥነት ተጠርጥራ ሰባት ዓመት ጤፍ ውስጥ መቀመጧን ፈረንጁ ሲሰማ መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ግን ሳቁን ተወና የተፋቀውን ቦታ በጣቱ ዳሰሰው። ይቺን ከሁሉም አብልጬ እፈልጋታለሁ፣ እንደዚህ ያለ ታሪክ ያላት ማንኪያ የለኝም፣ እንደሌሎቹ አድርጌ እከፍልባታለሁ አለ። የሺመቤት ግን ዓይኗ እንባ ሞልቶ የብርጓልን ታያለች። «ይህን ራስዎ ይወስኑ» አለቻት።

«እኔ? ዕቃው የእሜቴ አይደለም እንዴ?»

«እናቴ ደብዳቤው መጨረሻ ላይ ያለችውን አላነበቡልዎትም?»

«አዘዘ ሥራ ረፈደበት» አለች የብርጓል።

«አንዷ ያንቺ ናት ብላለች። መርጠሽ እንድታስቀሪ። ፈረንጁም የሚያውቀው አሥራ አንድ መሆናቸውን ነው» አለች የሺመቤት፤ ሳታስበው አንቺ ብላት አቀፈቻት። «እናቴ 'የብርጓል ታመጣለች፣ አትጠራጠሪ' ስትለኝ እኔ ግን ተጠራጥሬ ነበር። በዚህ ጊዜ ማን አደራ ይጠብቃል ብዬ። ይቅር በይኝ እትዬ። የቀረውን ወንድምሽ ያንብብልሽ፤ እኔ ካነበብሁት አለቅሳለሁ።» የብርጓል አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። አሥራ አንዱን አንበሶች ለመጨረሻ ጊዜ ተራ በተራ ዳሰሰች፤ ቆንጆ ናቸው፤ መንገዳቸውን ይሂዱ። ከዚያ መላጣዋን አንሥታ መልሳ ነጠላዋ ላይ ቋጠረች። «ይቺን አልሸጥም በይው። አገሩ ሌላ መላጣ ይፈልግ።»

ወደ ቤት ስትመለስ ሐይቁ ዳር የደንገል ታንኳውን እየጎተተ ካወጣ ዓሣ አስጋሪ አንድ ደህና ቀረሶ ዓሣ በስሙኒ ተከራክራ ገዛች፤ ሁለት ሎሚ መረቀላት። አዘዘ ቀድሟት ገብቷል። መብራት ሳያበራ፣ ኮፍያውን ሳያወልቅ ጠረጴዛው ዘንድ ተቀምጧል፤ ደብዳቤው ጠዋት ከተቀመጠበት ንቅንቅ አላለም። ዓሣውን ከትፋ ሾርባ ሠራች፤ ቃሪያ ጨመረች፤ ሎሚ ጨመቀች። እሱ ከጓዳው በር የሚመጣውን ሽታ እያሸተተ፣ እሷ ጀርባዋን ሰጥታው፣ አንድ ሰዓት ያህል እንዲህ ተቀመጡ። ትንሽ ልታንገበግበው ፈልጋ ነበር፤ ሰባት ዓመት የተንገበገበች ሰው ይህችን ታህል ብትፈልግ አይፈረድባትም። በመጨረሻ መብራቱን አበራች፤ አንድ ሳሕን ሾርባ ፊቱ አስቀመጠችና አጠገቡ ማንኪያዋን አጋደመችለት።

አዘዘ ማንኪያዋን አወቃት። ገለበጣት። የተፋቀው ጀርባዋን ሲያይ ደሙ ከፊቱ ሸሸ። «ሁሉም… እንዲህ ሆነው ነው የሺመቤት ያየቻቸው?» አለ። «እታለም፣ እኔ እኮ ላድንሽ ብዬ ነው። አንቺን ይወስዱብኛል ብዬ ፈርቼ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ ይህን ልልሽ እፈልግ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለች። «ደብዳቤውን ጨርስልኝ።»

መነጽሩን ወለወለ። ወረቀቱን ዘርግቶ ካቆመበት ቀጠለ። «…አንበሳዋ ከሌለች አይገዛም አሉ፤ የእኛዎቹ ግን ሁሉም አላቸው፤ አጣቢያቸው አንቺ ነሽና ታውቂያለሽ። አሥራ አንዱን ለየሺመቤት ስጫት። አንዷን ግን የወደድሻትን መርጠሽ ለራስሽ አስቀሪ። ሃያ ሁለት ዓመት ስታጥቢያት እንጂ አንድ ቀን ስትበይባት አላየሁሽምና፣ ይህ ነገር አሁን ታምሜ ስተኛ አሳፈረኝ።» አዘዘ ወረቀቱን አስቀመጠ። ኮፍያውንም አሁን ገና አወለቀ። «ታዲያ አሥራ አንዱ?» አለ።

«አሥራ አንዱ ከነአንበሳቸው ሄደዋል። አያ ቢያዝን በሰም ሸፍነውልን ነበር። የፈራኸው ንጉሥ ደግሞ ምን መሆኑን ታውቃለህ? የቀረጥ ማኅተም ነው! ተከፍሎበታል ማለት ነው።»

የአዘዘ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የሚያለቅስ መስሏት ደንግጣ ነበር፤ እየሳቀ ነው። «የቀረጥ ማኅተም!» እያለ፣ ጠረጴዛውን በመዳፉ እየመታ፣ ጎረቤት እስኪሰማ ሳቀ። እሷም ሳቀች። በዚያ ቤት እንዲህ ያለ ድምፅ ከተሰማ ዘመን የለውም። ሲበቃው ዓይኑን ጠርጎ ማንኪያዋን ወደ ሾርባው ሰደደ።

«አንተ ቆይ» አለችው፤ ከእጁም ወሰደችበት። ኩርሲዋን ሳበችና ከፊቱ ተቀመጠች። ጨለፈች፤ እፍ አለች፤ ጠጣች። ሎሚው ትንሽ በዝቷል። ሌላ ደገመች። ከዚያ ማንኪያዋን በመቀነቷ ጫፍ ጠርጋ ለወንድሟ አቀበለችው።

«እንካ» አለችው። «ሳይቀዘቅዝ።»